የጭብጨባ አድቫንስ (በንባብ ክበባችን የቅዳሜ ፕሮግራም ላይ ያደረግኩት ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ? ... አይ፣ ይሄ ምሳ የበላ ሰው ድምፅ ነው፣ እስቲ እንደገና፣ እንደምን ዋላችሁ! እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። እዛ በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች ከፊት ወንበር አለ፣ ኑ ግቡ፣ አልጠይቃችሁም። ማይኩ ኋላ ድረስ ይሰማል? ጥሩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም፣ ሥራዬ ማረም ስለሆነ። ሲያስተዋውቁኝ "ደራሲ" ብለውኛል። እኔ አራሚ ነኝ። ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ ለ19 ዓመት የሰው መጽሐፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የጎደለ ፊደል ስሞላ፣ የተደገመ መስመር ስሰርዝ፣ "ሀ" እና "ሐ" ሳስታርቅ ነው ዓይኔ የደከመው። የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም። ርዕሱን የሰጡኝ ልጆች በቴሌግራም "ስለ ስኬትና ስለ ዝና እያለሙ መዋል ጤና ነው ወይ?" ብለው ላኩልኝ፣ ለምን እኔን መረጣችሁ ስላቸው "አንተ ልምድ አለህ" አሉኝ። በስኬቱ ሳይሆን በማለሙ ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው፣ አልተቀየምኩም።

ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ ይሄ ነገር በሽታ ነው ወይ? ሁለተኛ ደስ የሚል ህልም ለምን ሥራ ያስፈታል? ሦስተኛው ትንሽ ስለሚያሳፍረኝ መጨረሻ ላይ ነው የማመጣው፣ ሰዓት ካለቀ ደግሞ እሰየው ነው።

በአንድ ታክሲ ልጀምር። የዛሬ አስር አስራ አንድ ዓመት ገደማ ነው፣ ከመገናኛ ተሳፍሬያለሁ፣ የምወርደው ጉርድ ሾላ ነው፣ እንግዲህ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ቅርብ ነው፣ ሂሳብ ሰጥተህ መልስህን ሳትቀበል የምትደርስበት ቦታ ነው። መስኮት ጋ ተቀምጬ ኢንተርቪው ጀመርኩ። ጋዜጠኛዋ "ይህን የመሰለ ሥራ ለመሥራት ምን አነሳሳዎት?" ትለኛለች። እኔ ወዲያው አልመልስም፣ ትንሽ ዝም እላለሁ፣ መሬት መሬት አያለሁ፣ ትሁት ሰው እንደዛ ነው አይደል? ከዛ ቀስ ብዬ "እንግዲህ እኔ ይሄ ነው የሚባል ነገር ሠርቻለሁ ብዬ አላስብም..." እላለሁ። እንዴት እንደሚያምር! ጋዜጠኛዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ (ስቱዲዮ የነበረው መቼ አዳራሽ እንደሆነ አላውቅም፣ ህልም ነው)። በዚህ መሃል አጠገቤ የተቀመጡ እናት ክንዴን ነካ አድርገው "የኔ ልጅ፣ ደህና ነህ?" አሉኝ። ለካ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ቀና ብዬ ሳይ ጉርድ ሾላን አልፌ አያት ደርሻለሁ። ወያላው "አንተ ሰውዬ መጨረሻ ነው፣ አትወርድም እንዴ?" ይለኛል። ተመልሼ ሌላ ታክሲ ያዝኩ፣ የሁለት ጉዞ ሂሳብ ከፈልኩ ማለት ነው ለአንድ ኢንተርቪው።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። እዚህ ቤት ውስጥ ብቻውን ሆኖ ኢንተርቪው ሰጥቶ የማያውቅ? ሽልማት ሲቀበል ማንን እንደሚያመሰግን አስቦ የማያውቅ? ... አንድ እጅ። አንተ ልጅ፣ በኋላ ለብቻችን እናወራለን።

አያችሁ፣ ብቻችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በስልካቸው በድንገት እየጠየቁ "አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሃሳብህስ የት ነው ያለው?" ብለው መዝግበው ነበር። 46.9 በመቶውን ጊዜ የሰዎቹ ሃሳብ ከሚሠሩት ሥራ ላይ አልነበረም። ግማሽ ሊሆን ትንሽ ቀረው! እና እኔን የገረመኝ ይሄ አይደለም፣ የገረመኝ ሌላው ነው፣ ሃሳባቸው ወደ ደስ የሚል ነገር የሄደባቸው ሰዎች እንኳ እዛው ሥራቸው ላይ ከነበሩት በላይ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። ያን ያህል አጨብጭበንላቸው!

ወደ አንደኛው ነጥብ ስገባ፣ በሽታ ነው ወይ? እናቴ ጉሊት ድንችና ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እኔን መደቡን እንድጠብቅ ታስቀምጠኝና ስትመለስ ድንቹ ጎድሏል ብሩ የለም። "ማን ወሰደው?" አላየሁም። ፊቱ ተቀምጬ አላየሁም! "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" ትለኝ ነበር፣ የኔ ስም እስኪመስለኝ ድረስ። እና ብዙ ዘመን ይሄ ነገር የስንፍና ምልክት ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ሳነብ ግን ጀሮም ሲንገር የሚባል በዬል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ የቀን ህልም ሲያጠና የኖረ ሰው ነው፣ የቀን ህልም አንድ ዓይነት አይደለም ይላል። ደስ እያለህ የምታቅድበት፣ የምትጫወትበት፣ ነገን የምትለማመድበት አለ። ፍርሃትና ጸጸት እያመላለሰ የሚያንገበግብህ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ሃሳብህ ካንዱ ካንዱ እየዘለለ አንድ ነገር ላይ መርጋት ሲያቅተው ነው። የመጀመሪያውን ሲንገር ጤነኛ ነው የሚለው፣ ጤነኛ ብቻም አይደለም ያስፈልጋል ነው የሚለው።

ነገር ግን ከመስመር የሚያልፍ አለ፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ጥሩ አይሆንም። እስራኤል አገር ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ኤሊ ሶመር የሚባል ባለሙያ በ2002 ለዚህ ስም አወጣለት። በቀን ሰዓታት የሚወስድ፣ ሙዚቃ ከፍቶ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ የሚያልሙት፣ ገጸ ባህሪያት ያሉት፣ ዓመት ሙሉ የሚቀጥል እንደ ተከታታይ ድራማ ያለ ህልም ነው። ሰውየው ማቆም ይፈልጋል፣ አይችልም። ትምህርቱ ይቀራል፣ ጓደኛው ሲደውል ስልኩን አያነሳም፣ ምክንያቱም ውስጥ ያለው ዓለም ከውጪው ይጥማል። እስካሁን በይፋው የአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አልገባም፣ ግን ይጠናል። እዚህ ውስጥ "ይሄማ እኔ ነኝ" ያለ ካለ አይፈር፣ ባለሙያ ያናግር፣ ለብቻው አይታገለው። እኛ ታክሲ ያሳለፈን ሰዎች ግን አልታመምንም። እኛ የበላነው ሌላ ነገር ነው።

ምንድነው የበላነው? አድቫንስ! ይሄ ነው ሁለተኛው ነጥቤ፣ ዛሬ የመጣሁትም ለሱ ነው።

ደመወዝተኛ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ወሩ በ10 ቀኑ ፋይናንስ ሄደህ ፊትህን አሳዝነህ አድቫንስ ትወስዳለህ፣ ያን ቀን ሀብታም ነህ፣ ሥጋ ቤት ጎራ ትላለህ። ወሩ መጨረሻ ላይ ፔይሮል ስትፈርም ግን እጅህ ላይ የሚቀመጠው 300 ብር ነው። "ደመወዜ የት ሄደ?" ማንም አልሰረቀህም፣ በልተኸዋል። አዎ፣ ጭብጨባም እንደዛ ነው። በቅድሚያ ይበላል።

ጋብሪዬል ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ አለች፣ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ነው የምታስተምረው። በ1991 ከሌላ ባለሙያ ጋር ሆና ያወጣችው ጥናት አለ፣ ክብደት ለመቀነስ ፕሮግራም የገቡ 25 ሴቶች ላይ። ከመጀመራቸው በፊት ጠየቀቻቸው፣ ሁለት ነገር ለየብቻ፦ አንደኛ "ይሳካልኛል ብለሽ ትጠብቂያለሽ ወይ?" ሁለተኛ "ስታልሚው ምን ይታይሻል?" ይሳካልኛል ብለው የጠበቁት ብዙ ቀነሱ። ቀጭን ሆነው፣ አምረው፣ ሰው ዞሮ ሲያያቸው ያለሙት ግን እንደዛ ካላለሙት ወደ 11 ኪሎ ያነሰ ነው የቀነሱት። 11 ኪሎ! እዩ እንግዲህ፣ ተስፋ ማድረግና ማለም አንድ ነገር ይመስለን ነበር። ተስፋ እስከዛሬ ካየኸው ተነስቶ "እችላለሁ" የሚል ነው፣ ህልሙ ደግሞ ምንም ሳትከፍል "ደረስኩ" ይልሃል።

እሷው ከባልደረባዋ ጋር ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ልጆችን ሁለት ዓመት ተከታተለች። ጥሩ ሥራ ሲያገኙ አዘውትረው ያለሙት ያነሰ ማመልከቻ አስገቡ፣ ያነሰ ጥሪ ደረሳቸው፣ ሥራ ሲይዙም ደመወዛቸው ያነሰ ሆነ። ፍቅር የያዛቸው ተማሪዎችም አሉ እዛው ውስጥ (አሁን ነቃችሁ አይደል?)፣ ከልጅቷ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ እያለሙ የሚውሉት ከልጅቷ ጋር የመግጠም ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ለምን? ቡናውን በሃሳብህ ጠጥተሃላ! "ቡና ልጋብዝሽ" ብሎ መጠየቅ ላብ ያለበት ነገር ነው፣ ህልሙ ላብ የለውም።

በ2011 ደግሞ ሄዘር ካፕስ ከምትባል ተመራማሪ ጋር ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን አዩ። ሴቶችን ፋሽን የሆነ ታኮ ጫማ አድርጋችሁ፣ አምሮባችሁ፣ ሰው እያደነቃችሁ እንደሆነ አስቡ አሏቸው። ከዛ የደም ግፊታቸውን ለኩ። የላይኛው ቁጥር ወረደ። ሰውነት ለሥራ ሲነሳ ከፍ የሚለው ቁጥር ነው የወረደው። ሰውነቱ "ደርሰናል፣ አረፍ በሉ" አለ ማለት ነው። ጫማው የት አለ? የለም። እግሩ ግን አርፏል።

እኔ ይሄን ሳነብ ሳቄም እንባዬም መጣ። ለምን መሰላችሁ? መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው እያልኩ ለ12 ዓመት ኖሬያለሁ። ስንት ገጽ ነበር? 11 ገጽ። በዓመት አንድ ገጽ አልደረሰም! የመታሰቢያ ገጹን ግን አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ መጀመሪያ ለእናቴ፣ ከዛ ለእናቴና ለአንዲት ልጅ፣ ከዛ ልጅቷ ወጣች፣ ከዛ ለአገሬ ሕዝብ በሙሉ ሆነ። የሽፋኑን ቀለም መርጫለሁ። የጀርባ ፎቶዬን ተነስቻለሁ፣ አገጬን በእጄ ደግፌ። መሃሉ ብቻ ነው የቀረው።

የማተሚያ ቤት ሰው ስትሆን ደግሞ አደገኛ ነው። ደራሲ ሁሉ ከመግቢያው ቀጥሎ "ምስጋና" የሚል ገጽ አለው አይደል? እኔ እሱን ሳርም እቆያለሁ። "ይህ መጽሐፍ ለዚህ እንዲበቃ..." የሚለው ጋ ስደርስ እርሳሴን አስቀምጬ የራሴን ምስጋና መደርደር እጀምራለሁ። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው አባት ስም "ወልደ" ወድቆ ታተመ፣ ሽማግሌ ገብቶበት ነው የበረደው። እሱን ልተወው።

እና በየሄድኩበት "መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው" እላለሁ። ሰው "ጎሽ! በርታ!" ይለኛል፣ ደራሲያችን መጣ ይለኛል። የኦቲንገን ባል፣ ፒተር ጎልዊትዘር ይባላል፣ እሱም ተመራማሪ ነው፣ ከባልደረቦቹ ጋር በ2009 ያወጡት ጥናት የሕግ ተማሪዎችን ያካተተ ነው። ጎበዝ የሕግ ሰው ለመሆን ያሰቡትን ጻፉ፣ የግማሾቹን ሌላ ሰው አነበበላቸው፣ የግማሾቹን ማንም አላየም። ከዛ የሚሠሩት ሥራ ሲሰጣቸው ሃሳባቸው የታየላቸው ልጆች ቶሎ ነው ሥራውን ትተው የተነሱት። ያልታየላቸው ቁጭ ብለው ሠሩ። "ደራሲያችን" ተብዬ ከዛ በኋላ ምን ልሁን ብዬ ልጻፍ? ዛሬማ ቲክቶክ አለ፣ ሳትጀምረው ፖስት አድርገህ 400 ላይክ ተቀብለህ ተኝተህ ታድራለህ፣ ጠዋት ስትነሳ ሥራው እዛው ነው፣ ጉጉቱ ግን የለም።

ታዲያ እናቁም? አናልም? እንዴት ተደርጎ! ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባል የለ። ደግሞ ህልም ደግፎ ያቆመው ሰው አውቃለሁ። እህቴ ናት። ቤይሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ስትደውል ምን ትለኝ ነበር መሰላችሁ? "ዛሬ ልብስ እየተኮስኩ ሳሎኑን እንደገና አፈረስኩት፣ በሩን ወደ ፀሐይ መውጫ አዞርኩት" ትለኛለች። ደብረ ብርሃን ልትሠራው ያሰበችውን ቤት ነው። ሸሚዝ እየተኮሰች ግድግዳ ታቆማለች፣ ሰሃን እያጠበች ጣራ ትመታለች። አንድ ቀን "አታብዢው፣ እብድ ትሆኛለሽ" ብላት "እሱ ባይኖር ነው የማብደው" አለችኝ። ዝም አልኩ። እናንተ ምን ትሏት ነበር?

ግን ስሙኝ፣ ወሬው እዛ ላይ አያልቅም ነበር። "ሲሚንቶ አሁን ስንት ገባ?" ትለኛለች። ሁሌ! እኔ አላውቅም እላታለሁ፣ "ሂድና ጠይቅ፣ ብሎኬቱንም ጠይቅ" ትለኛለች። እኔ ደራሲው ሰውዬ በሷ ምክንያት የብሎኬት ዋጋ በቃሌ አውቅ ነበር። ሲሚንቶ ሲጨምር ሳሎኑ ይጠባል፣ አሰሪዎቿ ደመወዝ ያዘገዩ ወር በረንዳው ይቀራል። የሷ ህልም ውስጥ ዋጋ አለ፣ እንቅፋት አለ። የኔ ህልም ውስጥ ያለው ጋዜጠኛዋ ብቻ ናት። ዛሬ እህቴ ሁለት ክፍል አላት፣ ሳሎን የሚባል ነገር የለውም፣ በሩ ግን ወደ ፀሐይ መውጫ ነው።

ኦቲንገን መድኃኒቱ ብላ ያመጣችው ነገር ይሄው ነው፣ እህቴን ሳታውቃት። አልም ትላለች፣ ደስ እስኪልህ አልም፣ ከዛ ሳትነሳ እዛው ላይ "ውስጤ ያለው የሚያግደኝ ነገር ምንድነው?" በል። ከዛ ባሏ ያመጣውን ጨምርበት፣ "እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ" ብለህ ሰዓትና ቦታ ቁረጥ። ሲሚንቶ ጠይቅ ማለት ነው።

ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን በየቀኑ ትንሽ ደቂቃ እንዲያልሙ አድርገው ነበር፣ በ1999 የወጣ ጥናት ነው። አንዱ ቡድን ኤ አግኝቶ ሲደሰት ያልማል፣ ሌላው ቡድን ሲያጠና ያልማል፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ደብተሩን ሲገልጥ። ማን የተሻለ ውጤት አመጣ? ... አዎ፣ ሲያጠና ያለመው። ኤ ሲያገኙ ያለሙት የጥናት ሰዓታቸውም ቀንሶ ተገኘ።

ሯጮቻችንን ሳላነሳ ካለፍኩ ደግሞ እኔንም አይበቃኝ። ምሩፅ ይፍጠርን፣ ማርሽ ቀያሪውን። እኛ የምናልመው ሞስኮን ነው፣ 1980ን፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ማርሽ ቀይሮ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ወርቅ ሲያደርገው። ህልማችን ውስጥ ሙኒክ የለም። በ1972 ሙኒክ በ10 ሺህ ነሐስ አገኘ፣ በ5 ሺው ግን ማጣሪያው ላይ ሳይገኝ ቀረ፣ ኦሎምፒክ ድረስ ሄዶ! በ1976 ደግሞ የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያሉን ኦሎምፒክ አንካፈልም ሲሉ እሱም ቀረ። ስምንት ዓመት። ማነው እናንተ ውስጥ የስምንት ዓመት ጥበቃን በቀን ህልሙ የሚያየው? የሞስኮውን ድል በሬዲዮ ከሰሙት ልጆች አንዱ ደግሞ አርሲ ገጠር የነበረው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደብተር በብብቱ ይዞ እየሮጠ ነው የሚመላለሰው፣ ያ ግራ እጁ ሲሮጥ ታጠፍ የሚለው ከዛ የቀረ ነው። ያ ህልም የወደቀው ድሮም በሚሮጥ እግር ላይ ነው። እኔ ሶፋ ላይ ነው የወደቀብኝ።

እኔም በመጨረሻ ሲሚንቶ ጠየቅኩ። ማታ ማታ እጽፋለሁ እል ነበር፣ ማታ ደግሞ ደክሞኝ ነው የምገባው፣ ልጆች አሉ፣ መብራት አንዳንዴ የለም። እና ያገደኝ ማታው መሆኑን ያወቅኩት ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ከዛ ምሳዬን እንደበላሁ ሻይ ከማዘዜ በፊት እዛው ማተሚያ ቤት፣ በተጣለ ፕሩፍ፣ በእርማት ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ግማሽ ገጽ። ሻዩ አይመጣም ካልጻፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሚስቴም። እሷ በልቤ ሌላ ነገር የያዝኩ መስሏት ሁለት ጊዜ ስልኬን ፈትሻለች። ሦስት ዓመት ፈጀ። 96 ገጽ የአጫጭር ልቦለዶች መድብል፣ በራሴ ወጪ 500 ኮፒ፣ ከሱ ውስጥ 200 ምናምኑ አሁንም አልጋ ስር ነው፣ የምትፈልጉ በወጪ ዋጋ አለ።

ስንት ሰዓት ቀረኝ? ... አስር ደቂቃ። እንግዲህ አላመለጥኩም፣ ሦስተኛው መጣ።

ህልማችሁ ውስጥ አዳራሽ አለ አይደል? ሰው ሞልቷል፣ ይጨበጨባል። እስቲ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ፣ መድረኩን ተዉትና ፊት ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ እዩ። አንድ ሰው አለ። ሁላችንም ጋ አንድ ሰው አለ። ሺህ ሰው የምንጠራው ያ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይመስለው ነው።

የኔን ልንገራችሁ። ጉለሌ የቀበሌ ቤት ነው ያደግኩት፣ ጊቢ ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ጋሼ ልበላቸው፣ ስማቸውን አልጠራም። ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ እኛ ልጆች ጫማችንን በር ላይ አውልቀን መሬት ላይ ተደርድረን እናያለን። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ለእንቁጣጣሽ ግጥም ጻፍኩ። እናቴ "ለጋሼ አንብብላቸው" አለችኝ፣ ኩራቷ ነው። ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል፣ ቆሜ አነበብኩ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ። ስጨርስ ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ሳቅ አሉና "ይሄማ ከእናንተ ቤት የወጣ አይደለም፣ ከየት ነው የገለበጥከው?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች፣ ምን ታድርግ፣ የሰው ቤት ናት። የማልረሳው የሷን ሳቅ ነው፣ ከሳቀች በኋላ ነጠላዋን አስተካከለች።

እንግዲህ ያ ኢንተርቪው የሚተላለፈው የት ቴሌቪዥን ላይ ይመስላችኋል? ዳንቴሉ ያለው ላይ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ጋዜጠኛዋን እያናገርኩ በጎን የማየው ጋሼን ነው፣ ብርጭቋቸውን ሲያስቀምጡ። ይሄን ያወቅኩ ቀን አፈርኩ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ፍቅር ነበር የሚመስለኝ። ያ ሁሉ ትህትና፣ መሬት መሬት ማየት፣ ለአንድ ሰውዬ ነው።

መጽሐፉ ሲወጣ ፈልጌ ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ፣ አትሳቁ። ጊቢያችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፣ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ቴሌቪዥኑ ፍላት ስክሪን ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ዳንቴል የለም፣ አበባ የለም። ኳስ ነው የሚያዩት፣ የሚሰሙት ማለት ይሻላል። "የማን ልጅ ነህ አልከኝ?" አሉኝ። የእናቴን ስም ነገርኳቸው። "ኧረ! ድንች ሻጯ! ነፍሷን ይማር፣ ምን የመሰለች ሴት ነበረች፣ ስንቴ በዱቤ ሰጥታኛለች መሰለህ" አሉኝ። ግጥሙን አነሳሁባቸው፣ ቀለል አድርጌ፣ እንደ ጨዋታ። አሰብ አሰብ አደረጉና "ግጥም?" አሉኝ። የሉም። ማለቴ እዛ ቀን ውስጥ እሳቸው የሉም፣ እኔ ብቻ ነኝ እዛ የቆምኩት። ምን ይባላል? ቡና መጣልኝ፣ ጠጣሁ።

መጽሐፉን ሰጠኋቸው። ዳበስ ዳበስ አደረጉትና የልጅ ልጃቸውን ጠሩ፣ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ "ነይ እስቲ አንብቢልኝ" አሏት። ቆማ ማንበብ ጀመረች፣ ጥሩ ታነባለች ደግሞ። ኳሱን ድምፁን ቀነሱት። እንግዲህ እዩልኝ፣ የኔ ጽሑፍ፣ በሳቸው ሳሎን፣ በሳቸው ቴሌቪዥን ፊት፣ እሳቸው ጆሯቸውን አዘንብለው! ሃያ ምናምን ዓመት ያለምኩት ነው። ልጅቷ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመች። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና "ጋሼ፣ እዚህ ጋ 'ነ' ጎድሏል" አለችኝ። ተቀበልኳትና አየሁ። "ተቀምጠው ነበር" መሆን ያለበት "ተቀምጠው በር" ይላል። 19 ዓመት የሰው መጽሐፍ ያረምኩ ሰው!

ጋሼ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ የምሬን ነው።

ስመለስ መገናኛ ታክሲ ያዝኩ፣ መስኮት ጋ። ህልሙ ወዲያው መጣ፣ ምን ያፍራል! ሁለተኛ እትም፣ ታርሞ፣ ተሻሽሎ፣ ጋዜጠኛዋ ጥያቄ እየጠየቀች። ፊት ወንበር ላይ ግን ጋሼ የሉም፣ ያቺ ልጅ ናት የተቀመጠችው፣ መጽሐፉን ሦስተኛው ገጽ ላይ ገልጣ ጣቷን አድርጋበታለች። "ወራጅ አለ!" ብዬ ዘልዬ ወረድኩ። አንድ ፌርማታ አልፌ ነበር።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፣ መጀመሪያ ግን ያኛው ልጅ ይምጣልኝ፣ ኢንተርቪው ሰጥቼ አላውቅም ያለው።